የወንድሜ አራተኛ ምት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የማዕከላችን ሙዚቀኞች፣ የቢሮና የጥበቃ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ኬኩ ላይ ስሜን ሳትሳሳቱ ስላስጻፋችሁ ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ሠርቼ ስሜ በትክክል ተጽፎ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኬኩን የጋገረችው ሴት የኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንዳልሆነች ወዲያው ነው የገባኝ።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ሥራ አስኪያጃችን «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ድምፁ የማይሰማ ባለሙያ» ብለው አሞግሰውኛል። የድምፅ ቴክኒሻንን ድምፁ አይሰማም ብሎ ማመስገን እንዴት ያለ ምስጋና እንደሆነ አላውቅም፤ ይሁን። «ታዛዥ» ያሉት ግን እውነት ነው። ዛሬ ላወራ የተነሳሁትም ስለዚያ ነው። አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የዚህን ቤት አሥር ደቂቃ ታውቁታላችሁ፤ ወንበራችሁን አመቻቹ።

አዲስ ለሆናችሁ ራሴን ላስተዋውቅ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሩ ካርቶን ካልተሸጎጠበት የማይዘጋ ክፍል አለ፤ እዚያ ከመስታወቱ ወዲህ የምቀመጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ይጫወታሉ። እኔ እቀዳለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ሰው ሲያስነጥስ አጠፋለሁ። ዘፋኙ ሲስት አቃናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁት መካከል ድምፃችሁን ያላቃናሁላችሁ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፤ እኔ አውቃችኋለሁ።

በእነዚህ ዓመታት «ውህደት» የሚባል ነገር ስንት ጊዜ ቀዳሁ? ሃያ ሦስት ጊዜ። ሃያ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። እንግዳው ሙዚቀኛ ከውጭ አገር ይመጣል፤ አሥር ቀን ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን «ከቤተሰብ የወረሳችሁትን አሰሙኝ» ይላል። በሁለተኛው ቀን ዋሽንት ነፊያችን ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። በሦስተኛው ቀን «ግሩም ነው፣ ብቻ ትንሽ ቢያጥር» ይላል። በአሥረኛው ቀን ፖስተር ይወጣል። ፖስተሩ ላይ እንግዳው ፊት ለፊት ቆሟል፤ የኛ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ የምትጠልቅ ፀሐይ ያያል። የዋሽንት ነፊያችንን ማጅራት ከወለደችው እናቱ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚያ ጋዜጣው «ሁለት ባህሎች ተገናኙ» ብሎ ይጽፋል። የት ነው የተገናኙት? እኔ እኮ መስታወቱ ሥር ነበርኩ! አንዱ ሲጫወት ሌላው ስልኩን ሲያይ ነው የማስታውሰው።

እዚያ ጥግ ላይ አፋችሁን ሸፍናችሁ የምትስቁ የባህል ክፍል ሰዎች፣ ቆዩ፤ ለእናንተም አለኝ። «የአባቶቻችን ንጹሕ ድምፅ ተበረዘ» ብላችሁ በየስብሰባው ጠረጴዛ ትደበድባላችሁ። ያንን ንጹሕ ከበሮ ከሁለተኛ ፎቅ አውርዱልኝ ሲባል ግን ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ወገብ ያማችኋል። ከበሮ በስብሰባ አይጠበቅም። ንጹሕ ስለምትሉት ነገርም አንድ ታሪክ አለኝ፤ እርሱን ልንገራችሁና እንለያይ።

የኔ ቤተሰብ የከበሮ መቺ ቤተሰብ ነው። አያቴ መቺ ነበር፤ አባቴ መቺ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜም እንደዚያው። እኔም ልሆን ነበር፣ እጄ እምቢ አለ እንጂ። አባቴ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሰማኝና «ልጄ፣ አንተ ጥሩ ጆሮ አለህ» አለኝ። ይህን ብሎ ከበሮውን ቀስ አድርጎ ከጭኔ ላይ አነሳው። ጆሮ አለህ ያለኝ እጅ የለህም ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው።

ቤታችን የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው። አራት ምት አለ። ሦስቱ በሰዓታቸው ይመጣሉ፤ አራተኛዋ ትዘገያለች። ብዙ አይደለም። ሰው ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻዋን ደረጃ በእግሩ ዳብሶ እስኪያገኛት ያህል ነው። አባቴ ወንድሜን ሲያስተምረው «አራተኛዋን አታሳዳት፤ ጠብቃት፣ ትመጣለች» ይለው ነበር። ሰርግ ላይ የሚጨፍር ሰው እግሩን አንስቶ ያችን ምት ሲጠብቅ አይቻለሁ። ስትመጣለት ሁልጊዜ ይስቃል። ሽማግሌም ቢሆን ይስቃል፣ ሙሽራም ብትሆን ትስቃለች። ለምን እንደሚስቁ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ይህች መዘግየት ከየት መጣች? የባህል ክፍሎች፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። አያቴ በወጣትነቱ ከሩቅ አገር ከመጣ አንድ ሰውዬ ጋር ሰርግ ለሰርግ ይዞር ነበር። ሰውዬው አኮርዲዮን ይጫወታል። የአኮርዲዮኑ ማናፊያ ተቀዶ በጨርቅ ተለጥፎ ስለነበር፣ በየአራተኛው ምት ላይ አየር እስኪስብ ድረስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላ መቺ ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር። አያቴ ጠበቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየአራተኛው ምት ላይ ጠበቀው። ሰውዬው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አያቴ ግን እጁ ለምዶ ብቻውንም ሲሆን መጠበቁን ቀጠለ። ልጁም ከእርሱ ተማረ። እንግዲህ የአባቶቻችን ንጹሕ ምት የምትሉት ይኸው ነው፤ የአንድ መጻተኛ ሰው የተቀደደ አኮርዲዮን።

ስለዚህ ቅልቅልን የሚጠላ ሰው አድርጋችሁ አታስቡኝ። እኔ ራሴ የቅልቅል ልጅ ነኝ። የምጠላው አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ሰዓቱን የሚያይበትን ቅልቅል ነው። ይህን የምለው ደግሞ ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። አሁን እንደምትሰሙት፣ ከሁላችሁም የከፋሁት እኔ ነኝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት አቶ ድልድይ መጣ። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ በሁለቱ ውስጥ «ድልድይ» የሚል ቃል አይጠፋም ነበር። ጊታሪስት ነው። የዓሣ አጥማጅ አያቱን ዘፈኖች በጊታር እያዋሃደ ብዙ አገር ዞሯል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔ በቀለለኝ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የአያቱን ዘፈን አያቱ ይዘፍነው እንደነበረው አድርጎ አንጎራጎረልኝ። መቅዘፊያ እንደሚስብ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ያምር ነበር። «ሲዲው ላይ እንዲህ አይደለም እኮ» አልኩት። «አዎ፣ አስተካከልኩት» አለኝ፣ ኩራት በተሞላበት ድምፅ። የገዛ አያቱን ያስተካከለ ሰው የኔን ወንድም ምን እንደሚያደርገው ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ወንድሜን ለማዕከሉ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። በሥራ ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። በእረፍት ቀኑ ከበሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ራሱ በሚነዳው መስመር ተሳፋሪ ሆኖ መጣ። ለብቻው ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩትና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ጊዜ ጠባቂው ክሊክ ጀመረ፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ።

«ይሄ ማንን ነው የሚጠራው?» አለኝ።

«ማንንም አይደለም ጋሼ። ጊዜ እንዳንስት ነው።»

«ማነው የሚስተው?»

ማዳመጫውን አወለቀና አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በመስታወቱ የጊታሪስቱን እጅ እያየ መታ። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ወንበሩ ክሊኩን ሰማ፤ ወንድሜ ከበሮውን መታ።

ሲጨርሱ አቶ ድልድይ ወደ እኔ ክፍል መጣ። «በጣም፣ በጣም ድንቅ ነው» አለ። «በጣም» ሁለት ጊዜ ሲባል እኔ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ፤ «ግን» እንደሚከተል አውቃለሁና። «ግን አራተኛው ላይ ይዘገያል። ሌሎቻችን ሁልጊዜ ልንጠብቀው ነው?»

ሥራ አስኪያጃችን ያኔ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነበሩ። ወደ እኔ ዞር ብለው «አስተካክለው» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? ይህ ምት የአባቴ ነው አልኩ? ጠብቁት፣ እናንተም ትስቃላችሁ አልኩ? «እሺ» አልኩ። ታዛዥ አይደለሁ?

የከበሮ ምት ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ትንሽ ጉብታ ነው። እያንዳንዷን አራተኛ ጉብታ በማውስ ይዤ ወደ መስመሯ ጎተትኳት። ሦስት መቶ አርባ ነበሩ። ሁለት የሥራ ቀን ፈጀብኝ፤ ምሳዬን በሰዓቱ እየበላሁ፣ እጄን እየታጠብኩ እየተመለስኩ። ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ምን መሰላችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር የሠራሁት። ንጽት ያለች ሥራ ነበረች። መቶኛዋን ሳልፍ ማፏጨት ጀምሬያለሁ። አባቴ ዕድሜ ልኩን የጠበቃትን ምት እኔ እያፏጨሁ በጆሮዋ ይዤ ጎተትኳት።

በሳምንቱ ሁሉንም ጠርተን አሰማን። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ከክሊኩ ጋር ስለገጠመ ለመነቅነቅ ይመቻል። ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሲያልቅ ቀስ ብሎ «ከበሮውን ማነው የመታው?» ብሎ ጠየቀ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቀልድ መስሏቸው ነው። አስተባባሪው አጨበጨቡ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ዓይኔን ከፊቴ ካሉት ቁልፎች ላይ አላነሳሁም።

ከበሮውን አንስቶ ወጣ። ደረጃው ላይ ደረስኩበት። «ጋሼ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ ነህ?»

«ሥራዬ ነው» አልኩት።

«አይ» አለኝ። «ሥራህስ ጎበዝ ነህ። እኔን ምነው አጠፋኸኝ?»

ይህን ብሎ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ደረጃ ወጥቶ አያውቅም።

ሲዲው ወጣ። «የጋራ ምት» የሚል ስም ተሰጠው፤ ስም አወጣጥ ላይ እኮ አንታማም። በጀርባው ላይ የተጫዋቾች ዝርዝር ነበር። ጊታር፣ ስሙ ከነአባቱ። ቤዝ፣ ስሙ ከነአባቱ። ከበሮ፣ «ባህላዊ»። በቃ፣ እንዲሁ ነው የተጻፈው! የወንድሜ ሚስት ገዝታ አሳየችው። ገልብጦ አየና «ባህላዊ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ሲያገኙት ሰላም በሉልኝ» አለ።

እኔ ደግሞ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። «ለባህሎች መቀራረብ ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ይላል። ስሜ ተሳስቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜ በመሳሳቱ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ቦታ ስለጠበበ ያልታረመው የመጀመሪያ ቅጂ ይሰረዝ ተባለ። የሚሰረዙትን ዝርዝር ማን ጻፈ? እኔ። ማን ፈረመ? እኔ። ለመዝገብ ቤቷ እትዬ ወስጄ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «ትእዛዝ ነው» አልኳት። «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም መታችበት።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ የሚባል ነገር ደጃፍ አልደረሰም። ስንቱ ለመነው! ሰርግ ላይ ብቻ ይመታ ነበር፤ እኔ ካለሁ ደግሞ እጄን አመመኝ ብሎ ይቀመጣል። ሃያ ዓመት ስንገናኝ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስለ ከበሮ አንድም ቃል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ቀኝ እጁ እውነትም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ አይመለስም አሉ። ከበሮው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እንግዲህ በዓለም ላይ የወንድሜ እጅ የተቀዳበት አንድ ሲዲ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ላይ ያለው ወንድሜ አይደለም። ይህን እያወቅኩ በየቀኑ እየመጣሁ እዚያች ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት ሥራ አስኪያጃችን አስጠሩኝ። «የጋራ ምት» ሃያኛ ዓመቱ ነው፤ በድጋሚ ይታተማል። የተጫዋቾቹ ፈቃድ በፊርማ ያስፈልጋል። የሁሉም ተገኝቷል፤ የወንድሜ ይቀራል። «አንተ ወንድሙ ነህ፣ እምቢ አይልህም» አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄጄ ላስፈርመው ነው እንግዲህ! ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሁለት ሳምንት ዞርኩ።

በዚያው ሰሞን መዝገብ ቤቱ ወደ ምድር ቤት ይዛወር ነበር። እትዬ አንድ ዲስክ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ላዩ ላይ በእጅ ጽሑፏ «የአስተዳደር ኮሚቴ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ክፍል ሦስት» ይላል።

«ይሄን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

«ጣዪው እንጂ።»

«ስማውና ራስህ ጣለው።»

ሰማሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች መጡ። አራተኛዋ አልመጣችም። እኔም ሳላውቀው እግሬን አነሳሁ፤ ከዚያ መጣች። ክቡራትና ክቡራን፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ በሩ በካርቶን የተደገፈ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥዬ አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

እትዬ ያን ቀን ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ መታች እንጂ ቅጂውን አላጠፋችውም። ሃያ ዓመት ሸሸገችው። የት? የአስተዳደር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ መካከል! እዚህ ቤት ማንም ሰው፣ መቼም ቢሆን፣ የማይከፍተው ነገር እርሱ ብቻ መሆኑን ታውቃለች። «ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት። «ወንድምህ ሲመታ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። እግሬ አልቆም አለኝ። በኋላ ያወጣችሁትን ስሰማ እግሬ ዝም አለ። የተለየ ነገር አላውቅም» አለችኝ። ሃያ ሦስት የውህደት ሊቃውንት በዚህ ቤት አልፈዋል፤ ከሁሉም የተሻለው ጆሮ ያለው መዝገብ ቤት ነበር።

ለሥራ አስኪያጃችን ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቅጂ ተገኝቷል፣ በድጋሚ የሚታተመው እርሱ ይሁን አልኩ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። አሁን ኪሴ ውስጥ አለ፤ ላንብብላችሁ። «ሕዝብ የለመደውን ታሪካዊ ድምፅ መነካካት ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።» መነካካት! ሦስት መቶ አርባ ቦታ የነካሁትን ድምፅ መነካካት ነውር ሆነ!

ባለፈው ሳምንት ወረቀቱንም ዲስኩንም ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፈተችና «ምነው፣ በደህና?» አለችኝ። በማይመጡበት ቀን የመጣ ሰው አያምርም። ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ደቂቃ ያህል ሄደ፣ ሁለት ደቂቃ ሄደ። አየት ሳደርገው ሁሌ የሚንቀጠቀጠው እጁ ቀጥ ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አነሳ።

«እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ» አለ።

እውነቱን ነው። አንዷን ምት በጠርዙ ነው የመታት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀረጻ «እኔ» ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። «ነይማ! ነይ ስሚኝ!»

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አሁን ዝም በል፤ እየሰማሁ ነው» አለኝ።

ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ሁለቴ ደግሞ ሰማው። በመጨረሻ ወረቀቱን አወጣሁና ማን ምን እንደፈለገ ሳልደብቅ ነገርኩት። መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ጻፈ። ጽሑፉ ተንቀጥቅጧል፣ ግን ይነበባል። ሥራ አስኪያጅ፣ ፊርማውን ሲጠይቁኝ የሰነበቱት ይኸውልዎ፤ ለሁሉም ጮክ ብዬ አነባለሁ።

«የፈቀድኩት እኔ የመታሁትን ነው። ያኛውን የመታውን ሰው ፈልጉና እርሱን አስፈቅዱት።» ከሥሩ ፈርሟል። ስሙንም ከነአባቱ አድርጎ ጽፏል፤ ሲዲው ላይ የሚጽፈውን ሰው እንዳይቸግረው ብሎ ነው።

አሁን ያኛውን የመታውን ሰው መፈለግ አያስፈልግም። እፊታችሁ ቆሟል። ሦስት መቶ አርባዎቹን የመታኋቸው እኔ ነኝ፣ ከበሮ ሳልነካ፣ በማውስ። በዚህ ቤት ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ አልታዘዝም፤ አልፈቅድም። ያላችሁ ባለ ፈቃድ ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ወይ እርሱን ታትማላችሁ፣ ወይ ሃያኛውን ዓመት በኬክ ብቻ ታከብራላችሁ።

ሥራ አስኪያጅ፣ አሁን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅዎትም። ማክሰኞ ማተሚያ ቤቱ ሲደውል ይመልሱ። ብቻ ያኔ «አስተካክለው» የሚሉት ሰው ከአጠገብዎ እንደሌለ ያስታውሱ።

ክቡራትና ክቡራን፣ አሥር ደቂቃዬ ካለቀ ቆየ። ስሳደብ ብቻ እንዳልሸኝ ልመርቃችሁ።

ሙዚቀኞቻችን፣ እጃችሁ አይዛል፣ ፊታችሁም ፖስተር ላይ ይውጣ። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች፣ መንገዳቸው የቀና ይሁን፤ የአያታቸውን ዘፈን አያታቸው እንደዘፈነው የሚዘፍኑበት ድፍረት ይስጣቸው። የባህል ክፍሎች፣ ወገባችሁን ይማርላችሁ። እትዬ፣ አንቺን እግዜር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ሌላ የምመርቅሽ ቃል ባገኝ ደስ ባለኝ፣ ግን ያንቺ ውለታ ከቃል ያልፋል። ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎንም ከልቤ ነው የምመርቅዎ፤ ጆሮ ይስጥዎ። ሁላችሁንም፣ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ጥሏችሁ የማይሄድ፣ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው አያሳጣችሁ።

አሁን መስኮቶቹን ክፈቱልኝ፤ ሁሉንም። ወንድሜ ታች ግቢ ውስጥ ከጥበቃው ጋር ተቀምጧል። ደረጃውን አልወጣም ብሎኛል፣ ከታች ይሰማኛል ብሏል። እትዬ፣ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫኚው።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ አብራችሁ አታጨብጭቡ። ትቀድሙታላችሁ።